«ሐሳቡን ለወጠ»፣ «ቃሉን አጠፈ»፣ «ወላወለ»፦ ልዩነታቸው የት ላይ ነው?

ብርሌ፦
ጤና ይስጥልኝ። መረጃ ቀርቦለት አቋሙን ያስተካከለ ሰው በየስብሰባው «ቃሉን አጠፈ» ሲባል ይሰማል። አማርኛው ትክክል ነው? ሌላው ጥያቄዬ፦ እንዲህ ያለውን ሰው የምናመሰግንበት ቃል አለን? «አእምሮው ክፍት ነው» የሚሉት ጆሮ ይቆረቁራል፤ ከባዕድ ቋንቋ እንደወረደ የተገለበጠ ነው።

አራሚ፦
ትክክል አይደለም። «ቃል» እና «ሐሳብ» ለየቅል ናቸው። ቃል ይሰጣል፣ ይገባል፣ ይጠበቃል፤ ተቀባይ አለው። ስለዚህ የሚታጠፈው፣ የሚበላው፣ የሚፈርሰው ቃል ነው፤ አድራጊውም «ቃለ አባይ» ይባላል። ሐሳብ ግን ከግእዙ «ሐሰበ» የመጣ ነው፤ ቆጠረ፣ አሰላ ማለት ነው። የዘመን አቆጣጠሩ ትምህርት «ባሕረ ሐሳብ» የተባለው በዚሁ ነው። ስሌት ደግሞ የገባው ቁጥር ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል፤ ነውር የለበትም።

መለያው ቀላል ነው፦ በንግግሩ ተማምኖ አንድ ነገር ያደረገ ሰው አለ ወይ? «ቅዳሜ በሬዎቼን አመጣልሃለሁ» ብሎ የቀረ ሰው ቃሉን አጥፏል፤ ጎረቤቱ ሞፈርና ቀንበሩን አሰናድቶ ሲጠብቅ ውሏል። «ይህ ዘር ለወይና ደጋ አይሆንም» ሲል ከርሞ የጎረቤቱን ማሳ አይቶ «ለካ ይሆናል» ያለው ግን ሐሳቡን ለውጧል። ማንም አልተከዳም።

ስድቡ ያለው ድግግሙ ውስጥ ነው። ግሡ አንድ ፊደል ሲደግም ድርጊቱ ይመላለሳል፦ ቀየረ፣ ቀያየረ፤ ለወጠ፣ ለዋወጠ፤ ተገለበጠ፣ ተገለባበጠ። «ሐሳቡን ቀየረ» ዜና ነው፤ «ሐሳቡን ይቀያይራል» ሐሜት ነው። «ተለዋዋጭ»ም ከድግግሙ መልክ የወጣ ነው። «ወላወለ» ከነአካቴው ነጠላ መልክ የለውም፤ «ወለወለ» ብንል ወለል ልንወለውል ነው። አንድ ጊዜ በምክንያት የተመለሰን ሰው ወላዋይ ማለት እንግዲህ የሰዋስውም ስሕተት ነው።

ግእዝ ወዳድ፦
ወንድም አራሚ፣ ጥሩ ብለዋል፤ ግን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ተረት የት ይግባ? «ከአፍ የወጣ አፋፍ»ስ? ሕዝቡ ንግግርን ሁሉ እንደ ቃል ኪዳን ያያል ማለት አይደለም?

አራሚ፦
የመጀመሪያው ለመሐላና ለውል የሚጠቀስ ነው፤ አስተያየት ላይ ሲለጠፍ ይበላሻል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚያስተምረው ከመናገር በፊት ማሰብን ነው፤ ከተናገሩ በኋላ ሙጭጭ ማለትን አይደለም። ሙጭጭ ለሚለው የተዘጋጀ ሌላ አለ፦ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም»። «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ»ም አለ። እነዚህን ትቶ የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠቅስ ሰው ተረቱን ለክርክሩ መርጦታል።

ሰምና፦
እኔ ከሁሉም የምመርጠው «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ነው። ሰው ሐሳቡን የማይለውጠው ማስረጃ ጎድሎት ሳይሆን አፍሮ መሆኑን በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። ግሡን ልብ በሉት፦ «አይመልሰኝም» አይደለም፣ መጨረሻው ላይ «ም» የለም። «አያድርስ»፣ «አያሳየኝ» እንደምንለው ምኞት ነው። ባለቤቱ ሳይጠቀስ የቀረው እንደነዚያው እግዚአብሔር ይመስለኛል። ተናጋሪው መመለስ አቅቶት አይደለም፤ እንዳይመለስ ይጸልያል! እንደ ስምም ይሠራል፦ «ነገሩ የካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ» እንላለን። «ግትር» ከዚህ ይለያል። ግትር ባሕርይ ነው፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ግን አንድ ስሕተት በሰው ፊት ከተሠራ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ረጋ ያለ ሰው ላይም ይደርሳል።

ብርሌ፦
ሽምግልና ላይ የሚባለው «ለእናንተ ስል ትቻለሁ»ስ? ሐሳብ መለወጥ ነው?

ሰምና፦
አይደለም። ያ ሰው የተወው ጥያቄውን ነው እንጂ እምነቱን አይደለም። ሽማግሌዎቹ እንዳያፍር መውጫ ሰጡት፣ እሱም ወጣበት። ለእርቅ ይበጃል። ችግሩ ሌላው ወገን «አመነልኝ» ብሎ ሲተረጉመው ነው፤ ሲውል ሲያድር ያው ጠብ የሚያገረሸው በዚህ ነው። «ትቻለሁ» እና «ተረድቻለሁ» አይምታቱ።

ችሎት፦
ከሕጉ ወገን ልጨምር። ምስክር መጀመሪያ የሰጠውን በኋላ ሲያፈርስ «ቃሉን ለወጠ» ይባላል፤ እዚያ ላይ «ሐሳቡን ለወጠ» ማለት ያየውን ነገር አስተያየት ማድረግ ነው። ፍርድ ቤት ራሱ ሲመለስ ደግሞ ስም አለው፦ «ዳግም ዳኝነት»። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 6 መሠረት ሐሰተኛ ሰነድን፣ ሐሰተኛ ምስክርነትን ወይም መደለያን የመሰለ፣ ፍርዱ ሲሰጥ አመልካቹ ተገቢውን ትጋት አድርጎም ሊያውቀው ያልቻለው ነገር ሲገኝ ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት መልሶ እንዲያየው ይጠየቃል። ይግባኝ ግን የሚቀርበው ለበላይ ነው።

ሌላም አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (በመጨረሻ ፍርዶች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው) ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል ካለ በኋላ፣ ችሎቱ ራሱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችል ይፈቅድ ነበር፤ አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1234 ተተክቷል። አስገዳጅነትና መለወጥ አንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ይህን ቃል ማጠፍ ያለ ሰው የለም።

ግእዝ ወዳድ፦
እንግዲያው እኔም አንድ ልበል። የማቴዎስ ወንጌል 3፥2 ግእዙ «ነስሑ እስመ ቀርበት መንግሥተ ሰማያት» (መንግሥተ ሰማያት ቀርባለችና ንስሐ ግቡ) ይላል። ግሪኩ የአስተሳሰብ መለወጥን የያዘ ቃል ነው፤ «ነስሐ» ግን ተጸጸተ ማለት ነው። ጸጸቱ ቀደመ። ሐሳብ መለወጥ እኛ ዘንድ የጥፋተኝነት ሽታ የሚከተለው በከፊል ከዚህ ይሆን ብዬ እገምታለሁ። እዚያው ወንጌል ምዕራፍ 21 ላይ ግን «አልሄድም» ብሎ በኋላ ተጸጽቶ ወደ ወይኑ ቦታ የሄደው ልጅ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ከቀረው ይበልጣል።

አራሚ፦
ለብርሌ ሁለተኛ ጥያቄ፦ «ምክር ሰሚ» እና «አስተዋይ» አሉ፤ ሁለቱም ሰፊ ናቸው። ቅርቡ «ለእውነት የሚረታ» ነው። «ተረታ» ከሙግት የመጣ ስለሆነ ክርክር መኖሩንም፣ ማስረጃ መቅረቡንም፣ መቀበሉንም ይዟል። «ልበ ሰፊ» አይሆንም፤ እሱ ቻይነት ነው፤ የሚችል ሰው ሁሉ አይረታም።

ቃለ ጉባኤ ለምትይዙ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «አነሣ» ሁለት ፊት አለው። ጥያቄ አነሣ ሲባል አቀረበ ነው፤ እገዳ አነሣ፣ ክስ አነሣ ሲባል ተወ ነው። «ተቃውሞውን አነሣ» ግን ለሁለቱም ይሆናል፤ ከወራት በኋላ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው አባሉ ተቃወሙ ወይስ ተቃውሞውን ተዉ የሚለውን አይለይም።

ብርሌ፦
ታዲያ ምን ይጻፍ?

አራሚ፦
«አቶ እገሌ ያቀረቡትን ተቃውሞ ትተው የውሳኔ ሐሳቡን ደግፈዋል» ተብሎ፣ ያሳመናቸው ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይከተል። «ተረቱ» ብሎ መጻፍ ግን አይመከርም፤ በንግግር የሚያስመሰግነው ቃል መዝገብ ላይ ሲሰፍር ሽንፈት ይመስላል፣ አባሉም በሚቀጥለው ስብሰባ ይታረምልኝ ይላሉ።