ሌላ ዓለም አቀፍ የዲጂታል መድረክ ያስፈልገናል?

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ2022 የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ አዲስ አበባ ሲካሄድ አምስቱንም ቀን ኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) አዳራሽ ነበርኩ። በአማርኛ ስለሚሰራጭ የጥላቻ ንግግር ተነስቼ ጠየቅኩ። በትህትና መለሱልኝ። ግን ጉባኤው ይወያያል እንጂ አይወስንም፤ ማንንም አያስገድድም። አሁን ደግሞ ተመድ ስለ ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) አስተዳደር ሌላ መድረክ ፈጥሯል። ያለውን ማጠናከር አይሻልም ነበር?

አንባቢ21፦
እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ይሄኛውም ቢሆን አያስገድድም። ግን አንድ ቁጥር ልንገርሽ። የተመድ አማካሪ ቡድን በ2024 ሰባት የኤአይ አስተዳደር ጅምሮችን አይቶ ነበር። 118 አገሮች በአንዱም ውስጥ የሉም! ሰባቱም ውስጥ ያሉት ሰባት አገሮች ብቻ ናቸው። አዲሱ መድረክ ግን ለሁሉም አባል አገራት ክፍት ነው። ከጎኑም 40 ባለሙያዎች ያሉት ሳይንሳዊ ቡድን አለ፤ በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል።

ከጄኔቭ፦
በሩ ክፍት መሆኑ ጥሩ ነው። ትኬቱን ማን ይከፍላል? መድረኩን የፈጠረው የተመድ ውሳኔ የመጀመሪያውን ውይይት በጁላይ 2026 ጄኔቭ፣ ቀጣዩን በ2027 ኒውዮርክ ነው ያደረገው። ሁለቱም ውድ ከተሞች ናቸው። እዚህ ሁለት ሦስት ሰው ይዞ የሚመጣ ልዑክ አያለሁ፤ በአንድ ሰዓት አራት አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ አለ። የቱን ይግቡ? መድረክ ሲበዛ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

የሰሚቷ፦
118ቱን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። የልዑካኑ ነገር ግን አሳዘነኝ። ሳይጓዙ በጽሑፍ ሐሳብ ማስገባት የሚቻልበትን መንገድ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። የአማርኛውን ጉዳይ በምሳሌ አዘጋጅቼዋለሁ።