ቶዮታን የሙጥኝ ያስባለን ዕድሜያችን ነው ወይስ ኪሳችን?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት እዚህ ግሩፕ ውስጥ አንድ ልጅ «አባቴ ከቶዮታ አይወርድም፣ እኔ ደግሞ ከቻይናው ቢዋይዲ ሌላ አይታየኝም፤ የመኪና ብራንድ የዕድሜ ጉዳይ ነው» ብሎ ቢጽፍ ግማሹ ደገፈው፣ ግማሹ ተቆጣው። ስለዚህ በሥርዓት እንከራከርበት። ሰው አንድን ብራንድ የሙጥኝ የሚለው በዕድሜው ነው? ወይስ ዕድሜ የሚመስለን ሌላ ነገር አለ? ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ቀጣይ መኪናውን የሚያስብ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ታላላቆቻችንን እያከበርን፣ ስድብ ሳይኖር።

የኤሌክትሪኩ ልጅ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እዚያው ነኝ። አባቴና ጓደኞቹ ዘንድ ቶዮታ ካልሆነ መኪና አይባልም። የቢዋይዲን ሶንግ ፕላስ ላሳየው ወስጄው በሩን ከፍቶ ዘጋና «ድምፁ ቆርቆሮ ነው» አለኝ። መሪውን እንኳ አልጨበጠም። በእሱ ትውልድ «የቻይና» ሲባል ትዝ የሚላቸው ገዝተው ቤት ሳይደርሱ የሚበላሽ የእጅ ባትሪ ነው። እኔ ከመጀመሪያ ስልኬ ጀምሮ የያዝኩት ሁሉ የቻይና ነው፣ ክፉ ትዝታ የለኝም። ስለ ብራንድ ያለን ስሜት ባደግንበት ዘመን ይቀረጽና እዚያው ይቀራል ባይ ነኝ። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ እንኳ አባቴ ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ዲኤክስ፦
ልጄ፣ አባትህን አላውቃቸውም፤ ግን እኩያዬ ሳይሆኑ አይቀሩምና ልመልስልህ። ሰው ባደገበት ብራንድ ይቀራል ካልክ እኔ ዛሬ የፊያት ሰው መሆን ነበረብኝ። ቤታችን የነበረችው ሰይቼንቶ ናት። ሰፈራችን ውስጥ ደህና ኑሮ ያለው ፔጆ ይነዳል፣ አስተማሪው ቮልስ ይይዛል። በደርግ ጊዜ ደግሞ ላዳ መጣ። ያንን ሁሉ ትተን ነው ወደ ቶዮታ የሄድነው። እንዲያውም የጃፓን መኪና ሲያዩ ላሜራውን በጣታቸው እየመቱ «ይሄ ሳሳ ያለ ነው» ይሉ የነበሩ ሽማግሌዎች አስታውሳለሁ። አባትህ ዛሬ ስለ ቻይና የሚሉትን ማለት ነው።

እኔን ወደ ቶዮታ ያመጣኝ መንገድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ስመለስ፣ ዓባይ በረሃን ልወርድ ስል ደጀን ላይ የመኪናዬ የውሃ ፓምፕ ሄደ። መኪናዋ የሌላ ፋብሪካ ናት። ከተማው ውስጥ ያለው ፓምፕ የኮሮላ ብቻ ነው፤ የጠየቅኩት ሱቅ ሁሉ የኮሮላ አለን ይለኛል። የእኔ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ እስኪመጣ እዚያው ሰነበትኩ። ስመለስ ሸጥኳትና ኮሮላ ዲኤክስ ገዛሁ። ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ታዲያ ይህን እርጅና ትለዋለህ?

ሰሚት 4ኛ ፎቅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔ 29 ዓመቴ ነው፣ የምነዳው ቪትዝ ነው፣ የገዛሁትም ዕገዳው ከመጣ በኋላ ከሰው እጅ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ወጪው ዝቅ እንደሚል፣ ቀረጡም እንደቀለለ አሳምሬ አውቃለሁ። ነገር ግን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተከራይቼ ነው። መኪናዬ የሚያድረው የጋራ ሜዳ ላይ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ገመድ አላወርድም፤ ባወርድም የሚያስቀምጠኝ ጎረቤት የለም። አጎቴ ደግሞ 66 ዓመቱ ነው፣ የራሱ ግቢ አለው፣ ማታ ከቤቱ ሶኬት ላይ ሰክቶ ይተኛል፣ ጠዋት ሞልቶ ይወጣል። ከከተማ አይወጣም፣ ስለዚህ መንገድ ላይ ቻርጅ አለቀብኝ የሚል ጭንቀት የለበትም። በእኛ ቤተሰብ የቶዮታዋ እኔ ነኝ፣ የኤሌክትሪኩ ሰው እሱ። ወንድሜ፣ ይህን በዕድሜ እንዴት ታስረዳዋለህ?

የኤሌክትሪኩ ልጅ፦
እህቴ ያንቺ የቤት ችግር ነው። ሶኬት ቢኖርሽ ነገውኑ ትቀይሪያለሽ። አባቴ ግን ግቢም ሶኬትም አለው!

መካኒክ ከጎተራ፦
ወገኖቼ፣ እኔ ሁለቱንም ዓይነት መኪና ስለምከፍት የማየውን ልናገር። የቪትዝ ኩሽኔታ ሲበላ ልጁን ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ እልከዋለሁ። ኦርጅናል፣ ያገለገለ፣ ታይዋን ብለው በሦስት ዋጋ ይነግሩታል፤ ደንበኛው እንደ አቅሙ ይመርጣል፣ ከሰዓት መኪናው ይወጣል። ከቻይና በግል የገባ የኤሌክትሪክ መኪና የፊት መብራቱ ሲሰበር ግን መብራቱ ከዚያው እስኪታዘዝ መኪናው ጋራዥ ይቆማል። ሰው «ቶዮታ አይበላሽም» ሲል እሰማለሁ፤ ይበላሻል፣ ግን ቶሎ ይሠራል። ታማኝነት የምትሉት ነገር ግማሹ ሶማሌ ተራ ነው።

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ደንበኛ አልቦት መጣ። ስክሪኑ ሁሉ በቻይንኛ ነው፣ ቀይ ጽሑፍ ወጥቶበታል። ስልክ አውጥተን በካሜራ ስናስተረጉመው «የ12 ቮልቱ ባትሪ ደክሟል» ነው የሚለው። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደማንኛውም መኪና ትንሽ ባትሪ እንዳለው አያውቅም ነበር፤ ዋናው ባትሪ የሞተ መስሎት ቤቱን ሊሸጥ ደርሶ ነበር። ቀይረንለት በዚያው ቀን ነድቶ ወጣ። ይህ ሰው መኪናውን ጠልቶ አይደለም የፈራው፣ የሚያስረዳው አጥቶ ነው። ከዚያ ውጪ የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፤ ለእኔ ገቢ ባይበጅም ለባለቤቱ ዕረፍት ነው።

ለልጁም የሚሆን ነገር አለኝ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ኤሌክትሪክ ሲገዙ ብዙዎቹ አይዲ 4 እና አይዲ 6 ይዘው ነው የሚመጡት። ለምን ስላቸው «ቮልስ እኮ ነው» ይሉኛል። የተገጣጠመው ቻይና ውስጥ እንደሆነ ስነግራቸው እንኳ ምልክቷን እያዩ ነው የሚመልሱልኝ። ወጣቶቹ ስለ ምልክት ብዙም አይጨነቁም፣ በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ነው የሚሉት። እዚህ ላይ ዕድሜ የለም አትበሉኝ።

ከሜሪላንድ፦
መካኒኩ የነካው ነገር እዚህ አሜሪካ በትልቁ የታየ ነው። ኦልድስሞቢል የሚባል ብራንድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1897 የተመሠረተ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሸጥ። ገዢዎቹ እያረጁ ሲሄዱ ኩባንያው ደነገጠና በ1988 «ይህ የአባትህ ኦልድስሞቢል አይደለም» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ወጣቱ አልመጣም። አባቶቹም መኪናቸው የሚያሳፍር ነው እንደተባሉ ቆጠሩት። በ2004 የመጨረሻዋ መኪና ወጥታ ብራንዱ ተዘጋ። እርግጥ ማስታወቂያው ብቻውን አልገደለውም፤ መኪኖቹ ከሌሎቹ የጄኔራል ሞተርስ ብራንዶች የማይለዩ ሆነው ነበር፣ በዚያ ላይ ጃፓኖቹ ገበያውን ወስደውታል።

ቶዮታ ራሱም ሞክሮታል። በ2003 ሳያን የሚባል ብራንድ ለወጣት ብቻ ብሎ ከፈተ። ሳጥን የምትመስለዋን መኪና ግን ጡረተኞችም ወደዷት፤ ወንበሯ ከፍ ያለ ስለሆነ ለመግባትና ለመውጣት ጉልበት አያስቸግርም። ሆንዳም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያለው ኤለመንት እንዲሁ የወላጆቹ ሆነ። ሳያን በ2016 ተዘጋ። ስለዚህ ኩባንያ «ይህ ለዚህ ዕድሜ ነው» ብሎ ስለወሰነ ሰው አይታዘዝለትም፤ ለጉልበቱና ለወገቡ ግን ይታዘዛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቢዩክ ነው። እዚህ የአያት መኪና ይባላል። ቻይና ውስጥ ግን የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ፑ ዪ የያዘው፣ ክብር ያለው ስም ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ሲከስር ፖንቲያክን ዘግቶ ቢዩክን ያተረፈበት አንዱ ትልቅ ምክንያት የቻይና ገበያ ነው። ያው ምልክት አንድ አገር ሽማግሌ፣ ሌላ አገር ባለጸጋ ከሆነ፣ እርጅናው ከመኪናው ጋር አልተወለደም ማለት ነው።

ገበያ ጥናት የማስተምረው፦
ክርክሩ መልካም ሆኖ ሳለ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አንደኛው፣ ልጁ 65 ሲሞላው እንደ አባቱ መቀየር ይከብደዋል ወይ የሚለው ነው፤ ይህ በእርግጥ የዕድሜ ጥያቄ ነው። ሌላው፣ በ1960ዎቹ የተወለደና በ1990ዎቹ የተወለደ ሰው የተለያየ ገበያ ስላዩ ይለያያሉ ወይ የሚለው ነው፤ ይህ የትውልድ ነው። ዛሬ አባትና ልጅን አጠገብ ለአጠገብ አቁመን ብቻ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አንችልም። የጋሽ ዲኤክስ ታሪክ ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የእሳቸው ትውልድ አንድ ጊዜ ብራንድ ቀይሯል።

ገቢን ደግሞ እንዳንረሳ። አሜሪካ ውስጥ የአዲስ መኪና ገዢ አማካይ ዕድሜ ከ50 በላይ ነው። ወጣቱ መኪና ስላልወደደ አይደለም፣ አሮጌ ስለሚገዛ ነው። እኛ አገርም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሽያጭን ቆጥሮ «ሰው ቶዮታን ተወ» የሚል ይሳሳታል፤ የቤንዚን መኪና ማስገባት ስላልተቻለ ገዢው አልመረጠም። ምርጫ ያለው ከሰው እጅ በሚገዛው ገበያ ነው፣ እሱን የሚያውቁት ደላሎች ናቸው።

የመኪና ደላላ ነኝ፦
አስተማሪዋ ከጠሩን እንናገር። ገዢ ሲመጣ የ25 ይሁን የ65 ዓመት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፤ «ስሸጣት ገበያ አላት?» ይለኛል። በእኛ አገር መኪና ቁጠባ ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ሲተኮስ፣ ባንክ ያስቀመጠው ሰው ገንዘቡ ሲቀልጥ ባለ ቪትዙ ዋጋው ጨምሮለታል። ቶዮታ ሊብሬዋ ንጹሕ ከሆነ ዛሬ ጠዋት አውጥቼ ማታ እሸጣታለሁ። ለታመመ ቤተሰብ፣ ለልጅ ክፍያ፣ ለውጭ ጉዞ ቶሎ ገንዘብ ትሆናለች። ትልቅ ሰው ቶዮታን የሚመርጠው ልቡ ስለደነደነ ሳይሆን ድንገተኛ ነገር ስለሚያስብ ነው፤ ብዙ ሰው በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ገዢው «ባትሪዋ ስንት ፐርሰንት ቀርቷታል?» ይላል፣ ሻጩ «አዲስ ናት» ይላል፣ ወረቀት የሚያሳየኝ የለም። ሞተር ቢሆን መካኒክ ጠርቼ አስጮኼ፣ ጭሱን አይቼ እፈርዳለሁ። ባትሪን በዓይን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ገዢው ፍርሃቱን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። እዚያ ላይ ወጣትና ሽማግሌ እኩል ይፈራሉ።

የኤሌክትሪኩ ልጅ፦
ወንድሜ ደላላው ያልከው ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ሁሉም ቶዮታ የሚገዛው ሌላው ስለሚገዛው ከሆነ፣ ያ ክብ የሚሰበረው በማን ነው? ገና የሚያጣው ብዙ ነገር በሌለው ሰው ነው፣ ያ ደግሞ ወጣት ነው። ጋሽ ዲኤክስም በጉርምስናቸው ነው የቀየሩት፣ ራሳቸው ነግረውናል።

ጋሽ ዲኤክስ፦
ይህችን ወድጄልሃለሁ። ግን አንድ ነገር አትርሳ። የቻይና መኪና የመጣው ከአንተ ጋር አይደለም። ሊፋን ዱከም ላይ ተገጣጥሞ፣ ቢጫ ታክሲ ሆኖም ከተማውን ሞልቶ ነበር። ኩባንያው በ2020 እ.ኤ.አ. አገሩ ቻይና ውስጥ በኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። የያዘው ሰው መለዋወጫ ከየት ያምጣ? ያንን ያየ ሰው ሲጠነቀቅ የድሮ ሰው አትበለው።

የኤሌክትሪኩ ልጅ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ሊፋንና ቢዋይዲ አንድ ሚዛን ላይ አይወጡም። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ1995 የተነሣው ባትሪ ሠሪ ሆኖ ነው። በ2022 በቤንዚን ብቻ የሚሄድ መኪና መሥራት አቆመ፣ በ2024 ከ4 ሚሊዮን በላይ መኪና ሸጧል። ደግሞ እርስዎ የሚያምኑት ቶዮታ ቻይና ውስጥ የሚሸጣትን ቢዚ3 የሠራት ከቢዋይዲ ጋር ተባብሮ ነው፤ ባትሪዋ የቢዋይዲ ነው። ቶዮታ ያመነውን እርስዎ ለምን ይጠራጠራሉ?

ጋሽ ዲኤክስ፦
ቶዮታ ሲያምን ውል ተፈራርሞ ነው፣ ልጄ። ለእኔም ውል ይሰጠኝ። ባትሪው ስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው፣ ዋስትናውን እዚህ አገር የሚያስከብረው ማን እንደሆነ፣ ስሸጠው የባትሪውን ጤና መርምሮ ማኅተም የሚያደርግልኝ ማን እንደሆነ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ያለው አስመጪ ካለ፣ ዲኤክሴን ለልጅ ልጄ ሰጥቼ እመጣለሁ። በግል ከቻይና የገባ መኪና የፋብሪካው ዋስትና እንደማይከተለው ሻጮቹ ራሳቸው ነግረውኛል። መኪናዋን አይደለም የተጠራጠርኩት።

መካኒክ ከጎተራ፦
ምርመራው ከባድ አይደለም ጋሼ። ማሽኑ መኪናዋ ላይ ይሰካና የባትሪውን ሴሎች አንድ በአንድ ያነባል። የጎደለው ውጤቱን ሻጭም ገዢም እንዲቀበሉት የሚያደርግ አካል ነው። ቦሎ ስናድስ ፍሬን እንደሚታየው ባትሪም ቢታይ የደላላው ክርክር ግማሹ ያልቃል።

ሰሚት 4ኛ ፎቅ፦
ወረቀቱ ቢመጣም እኔ የምሰካበት የለኝም። ለእኛ ለኮንዶሚኒየም ልጆች ጥያቄው መኪና ማቆሚያው ላይ የየራሳችን ቆጣሪ ያለው ሶኬት ማስገባት ነው፤ የጋራ መብራት ላይ ከተሰካ ሒሳቡን ማን ይከፍላል ተብሎ ይጣላሉ። የእኛ ኮሚቴ ቅዳሜ ይሰበሰባል፣ አጀንዳ አስይዤዋለሁ። የሌላ ሳይት ነዋሪ ሆናችሁ ይህን ያስፈቀዳችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት እዚሁ ጻፉልኝ፤ ደብዳቤውን ለማን እንዳስገባችሁም ጭምር።