በ600 ዩሮ ልጆቼን ስኪ (የበረዶ ላይ ሸርተቴ) ላስጀምር፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምንኖረው ጀርመን፣ ሚዩኒክ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና የ8 እና የ11 ዓመት ልጆቻችን። በየካቲቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስኪ ላስጀምራቸው ቃል ገብቻለሁ። ትንሿ ከአሁኑ በካልሲ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተች ትለማመዳለች። በእጄ ያለው ግን 600 ዩሮ ብቻ ነው።

ተራራ ሥር ባለችው የስኪ ከተማ ጋርሚሽ ፓርተንኪርሸን ለማደር ፈልጌ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ያገኘሁት የአልጋ ዋጋ ብቻውን ገንዘባችንን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከቤት እየተመላለስን ሁለት ቀን ብንሄድስ አልኩ። በባየርን ትኬት (የክልላችን የአንድ ቀን የባቡር ትኬት ነው) ልጆቼ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሳፈራሉ፤ ነገር ግን በሥራ ቀን የሚያገለግለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። የባቡሩ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅ፣ ጫማና ስኪ ተከራይተን እስክንዘጋጅ እኩለ ቀን ሊሆንብን ነው። ለግማሽ ቀን ብሎ ወደ ተራራው የሚያወጣውን ሊፍት የሙሉ ቀን ትኬት መግዛት ያንገበግበኛል። ቅዳሜ ይሻላል እንዳልል ሰዉ ይበዛል።

ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረበት የአገር አቋራጭ ስኪ ደግሞ ሊፍት አይፈልግም። ለጀማሪ ልጆች ይሆናል? ወይስ ይሰለቻቸዋል? የሞከራችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ያገለገለ የልጆች የበረዶ ልብስ የት እንደሚገኝም ጠቁሙኝ። የትልቁ ልጄ ጃኬት እጅጌ ከአንጓው በላይ ቀርቷል።