ስለ ረሃቡ ምን ብዬ ልመልስለት?

ሰላም ወንድሞቼና እህቶቼ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ፈጣሪ የለም ከሚሉ ልጆች ጋር ማታ ማታ በቴሌግራም መከራከር ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ስለ ዓለም መጀመሪያ ሲነሳ ብዙም አይከብደኝም። አሁን ግን መልስ አጣሁ።

አንዱ «ቸር ፈጣሪ ካለ የ1977ቱን የወሎ ረሃብ ለምን ፈቀደ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሰው ነጻ ፈቃድ ያመጣው ነው አልኩት፤ ጦርነቱና የደርግ አገዛዝ ረሃቡን እንዳባባሱት እውነት ነውና። እሱ ግን «ዝናቡንስ ማን አስቀረው? በ1755 እ.ኤ.አ. በፖርቱጋሏ ሊዝበን ከተማ ላይ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀን ምድር ተንቀጥቅጣ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡትን ስትቀብር የማን ፈቃድ ነበር?» አለኝ። ዝም አልኩ። አያቴ በዚያ ረሃብ ሁለት ልጆቿን ቀብራለች፤ እስከ ዛሬ ኪዳን አታስታጉልም። የእሷን ሐዘን መከራከሪያ ማድረግ ግን አሳፈረኝ።

መጽሐፈ ኢዮብን ደግሜ አነበብኩ። ምዕራፍ 38 ላይ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲመልስለት ምክንያቱን አይነግረውም፤ «ምድርን በመሠረትሁ ጊዜ አንተ ወዴት ነበርህ?» ይለዋል። እኔን ያጽናናኛል፤ ለማያምን ሰው ግን ከጥያቄው መሸሽ ይመስላል።

እባካችሁ፣ ስለ ድርቅና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ አባቶች በቀጥታ ያስተማሩትን የምታውቁ ጠቁሙኝ። ወይስ «አላውቅም» ብዬ ብመልስለት ይሻላል? ልጁ ተሳዳቢ አይደለም፤ ወንድሙን በካንሰር ያጣ ነው። እሱን መርታት አልፈልግም፤ በደካማ መልስ ጭራሽ እንዳላርቀው ነው የምፈራው። ነገ ማታ ይጠብቀኛል።