ለቦቢን ዳንቴል ንድፉን በምን ላይ ላውጣው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ብራስልስ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ዳንቴል በኪሮሽ ስሠራ ኖሬ አሁን ቤልጂጎቹ በቦቢን፣ ማለትም ክር በተጠቀለለባቸው ትንንሽ እንጨቶች፣ የሚሠሩትን እየተማርኩ ነው። ንድፉ ትራስ ላይ ይደረግና በየነጥቡ እስፒል ይሰካል፤ ክሩ በእስፒሎቹ መሀል ይጠላለፋል። ንድፉን በተራ ወረቀት አትሜ ነበር የጀመርኩት። ስንዝር እንኳን ሳልሠራ ቀዳዳዎቹ ሰፉ፣ እስፒሎቹ ተንጋደዱ፣ ነጩ ክሬ ቀለም ጠጣ። የሦስት ሳምንት ልፋቴን ሳየው አንጀቴ ያርራል። እናንተ በምን ላይ ነው የምትሠሩት?

ክርና እስፒል፦ አይዞሽ እህቴ፣ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። ተራው ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ አንቺ ከ160 እስከ 200 ግራም ያለውን ግዢ። በሌዘር ፕሪንተር አሳትሚው ወይም ፎቶ ኮፒ አስነሺው። የኢንክጄት ቀለም የእጅ ላብ ሲነካው ይለቃል፣ ክርሽን ያበላሸውም እሱ ይመስለኛል። ከዚያ ንድፉን ከሥሩ በሚያሳይ ሰማያዊ ተለጣፊ ላስቲክ ላዩን ሸፍኚው። ነጭ ክር በነጭ ወረቀት ላይ ማየት ዓይን ያደክማል፣ ሰማያዊው ያሳርፍሻል።

የጌንቷ፦ ላስቲኩ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ በማታ መብራት ልዩነቱን ታዪዋለሽ። ስታሳትሚ ደግሞ መጠኑ 100% መሆኑን አረጋግጪ። የነጥቦቹ ርቀት ከክሩ ውፍረት ጋር የተመጠነ ነው፤ ፕሪንተሩ ካሳነሰው ሥራው ይጨናነቃል።

ጠያቂዋ፦ ላስቲኩ እስፒል ሲሰካበት አይቀደድም?

ክርና እስፒል፦ አይቀደድም፣ እንዲያውም እስፒሉን ጨምድዶ ይይዘዋል።

እናት ዓለም፦ እኔ ደጋግሜ ለምሠራው ጠርዝ ጠንካራ ልሙጥ ካርቶን ነው የምመርጠው። ለአንድ ጊዜ ሥራ ግን ልፋቱ አያዋጣም። በየትኛውም ብትሠሪ ቀዳዳዎቹን ቀድመሽ ውጊ! ከሥሩ ቡሽ አድርጊ፣ መርፌው ከእስፒሉ አይወፍር፣ ቀጥ ብሎ ይግባ። እስፒል የሚንጋደደው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሲዘለል ነው። ድሮ አውሮፓውያኑ ንድፉን የሚወጉት በብራና ላይ እንደነበር ታውቃላችሁ? አባቶቻችን ዳዊት የጻፉበት ቆዳ የዳንቴል መሠሪያም መሆኑን ስሰማ ልቤ ሞቀ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የጀመርኩትን ወደ አዲሱ ንድፍ ላዛውረው?

የጌንቷ፦ ማዛወር ይቻላል፤ እስፒሎቹን ነቅለሽ የመጨረሻዎቹን ረድፎች በአዲሱ ላይ መልሰሽ ትሰኪያለሽ። ቀለም የነካው ክር ግን አይታመንም። እኔ ብሆን ቆርጬ እንደ አዲስ እጀምር ነበር።