ጥቆማ፦ በዲሲ አካባቢ አኒሞኒ ለማሳደግ ውሃው፣ ጨውና ምግቡ ከየት?

ጥያቄ (ከአርሊንግተን)፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የ40 ጋሎን የጨው ውሃ አኳሪየም 8 ወር ሆኖታል፤ ባብል ቲፕ አኒሞኒ (ጣት መሰል ክንዶች ያሉት፣ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ የባሕር እንስሳ) ሊገባበት ነው። ውሃው ከሱቅ ተበጥብጦ ቢገዛ ይሻላል ወይስ ቤት ቢዘጋጅ? ጨው፣ አኒሞኒውና ምግቡስ?

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ቤት ያዘጋጁ። በየቀኑ የሚተነውን የሚተካው ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ስለሆነ ማጣሪያው ለማንኛውም ያስፈልግዎታል። አርኦ ዲአይ የሚባለውን ማጣሪያ ሲገዙ ውስጡ ያለው ካርቦን (ከሰል) ለክሎራሚን፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ ለተዋሃዱበት የውሃ ማከሚያ፣ የተሠራ ይሁን። በዲሲና በአርሊንግተን ቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራሚን ነው፤ በፀደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ተራ ካርቦን ክሎራሚንን በደንብ አይሰብረውም፤ በውሃ ውስጥ የሟሟውን የሚለካው ቲዲኤስ ሜትር ደግሞ ስለማያየው 0 እያነበበ ሊያልፍ ይችላል። ቁርጡን የሚነግርዎ የጠቅላላ ክሎሪን መመርመሪያ ወረቀት ነው።

ጨው ላይ ኢንስታንት ኦሽን ርካሽ ነው፤ አልካሊኒቲው (የውሃውን ፒኤች የሚያረጋጋው፣ በዲኬኤች የሚለካው) ግን ወደ 11 ዲኬኤች ይጠጋል። የሬድ ሲ ሰማያዊው ባልዲ 8 አካባቢ ነው። ገንዳዎ የለመደው 8 ከሆነ ሬድ ሲን ይያዙ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው አይዝለሉ። አኒሞኒን የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ ጨው) ላይ ይበጥብጡ፤ የጨው መለኪያውን ሪፍራክቶሜትርም በንጹሕ ውሃ ሳይሆን በ35 ፒፒቲ ማስተካከያ ፈሳሽ ያስተካክሉት።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጨው ላይ እስማማለሁ። አኒሞኒውን ግን ከሱቅ በፊት አሳዳጊዎች ዘንድ ይፈልጉ፤ እዚሁ አካባቢ ዋማስ የሚባል የአሳዳጊዎች ማኅበር አለ። ባብል ቲፕ ለሁለት እየተከፈለ ስለሚራባ ቤት ያደገ አይጠፋም፣ ገንዳም ለምዷል። ከሱቅ ከሆነ የነጣ፣ አፉ የተከፈተ ወይም እግሩ የተቀደደ አይውሰዱ። የነጣው ከብርሃን ምግብ የሚሠሩለትን አልጌዎች ያጣ ነው። ድንጋይ ላይ ከተጣበቀ ከነድንጋዩ ይግዙት።

ሳይገባ በፊት የፓምፖቹን አፍ በስፖንጅ ይሸፍኑ፣ እባክዎ! አዲስ አኒሞኒ ቦታ ፍለጋ ይዞራል፤ ፓምፕ ከሳበው ተፈጭቶ ገንዳውን በሙሉ ይመርዘዋል። ለዓሣ ሕመም መዳብ ያለበት መድኃኒትም እዚያ ገንዳ ውስጥ አይጨመር፤ ይገድለዋል።

መልስ (ከፎልስ ቸርች)፦ ዋናው ቀለቡ ብርሃን ስለሆነ በሳምንት 1 ቀን ማብላት ይበቃል። ከበረዶ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን እንስሳት) ምግቦች ውስጥ የሂካሪ ማይሲስ ደቃቅ ነው፣ ለትንሽ አኒሞኒ ይስማማል፤ ፒኢ ማይሲስ ገዘፍና ሰባ ይላል፣ ለትልቁ። ከሱፐርማርኬት ጥሬ ሽሪምፕም ይሆናል፤ ቅመምና ማቆያ የሌለበትን መርጠው አተር አክለው ይቁረጡት። የበረዶውን ምግብ በገንዳው ውሃ ያሟሙና ፈሳሹን ይድፉ። ፓምፑን ለ15 ደቂቃ አጥፍተው በረጅም መቆንጠጫ ጣቶቹን ያስነኩት። ጣቶቹ ይጣበቁበታል፣ ወደ መሃል ይታጠፋሉ፣ የተጨማደደችው አፍ ቀስ ብላ ትከፈታለች። ቁራጩ ከተለቀ በማግሥቱ ይተፋዋል፤ የተተፋውን ቶሎ ያውጡ፣ ሲበሰብስ ናይትሬት የሚባለውን ቆሻሻ በውሃው ውስጥ ያንራል።

ገንዳው ውስጥ ክሊነር ሽሪምፕ (ዓሣ የሚያጸዳ ሽሪምፕ) ካለ ምግቡን ከአፉ ጎትቶ ያወጣበታል። የፕላስቲክ ጠርሙስ አጋማሹ ላይ ቆርጠው፣ ክዳኑን ነቅለው፣ እስኪውጥ ድረስ እላዩ ላይ ይድፉበት።