አስቸኳይ፦ የካሜራዬ ሌንስ ጭጋግ ሞላው፣ ነገ ጠዋት ኤስፓኞላ ነን

ተጓዧ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጋላፓጎስ፣ የኢኳዶር ደሴቶች ጋ፣ መርከብ ላይ ነኝ። ሌንሱ ጭጋግ ለብሶ ምንም አያሳይም። ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ኤስፓኞላ ደሴት እንወርዳለን። የመጣሁት አልባትሮስ ለሚባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ነው፤ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩበት ጉዞ ነው። ኔቱ ይቆራረጣል፣ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ!

የሐዋሳ ልጅ፦ ሩዝ ውስጥ ቅበሪው። ከወጥ ቤቱ ጠይቂ፣ ይሰጡሻል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበልሽ። እዚያ ፍላሽ ክልክል ነው። ከእንስሳው 2 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ ከአስጎብኚው መነጠልም አይፈቀድም። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1978 ከእኛው ሰሜን ተራሮችና ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ሰሜን ላይ ለፎቶ ብለው ጭላዳ ሲያሳድዱ አይቼ አዝኛለሁ፤ የምነግርሽ ለዚህ ነው።

ፎቶ ቤት፦ የተበላሸ አይመስለኝም። ክፍልሽ ኤሲ አለው? ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ወበቅ ስትወጪ ሌንስ ላብ ያወጣል፤ ሲሞቅ በራሱ ይጠፋል። ከመውጣትሽ በፊት ፌስታል ውስጥ አስረሽው ይሙቅ።

ተጓዧ፦ ኤሲ አለ። ግን ከሰዓት ከጎማ ጀልባዋ ስንወርድ ማዕበል ረጨን፣ ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር። አሁን ቻርጅ ላይ ነው።

ፎቶ ቤት፦ ቻርጁን አሁኑኑ ንቀይ! የባሕር ውሃ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ጨው ኮረንቲ ያስተላልፋል፣ ብረትም ይበላል። ባትሪውንና ሚሞሪውን አውጪ። በመጠጥ ውሃ እርሰሽ የጨመቅሽው ጨርቅ ውጩን ጥረጊ፣ ከዚያ በደረቅ። የፀጉር ማድረቂያ አትጠቀሚ። «ልየው» ብለሽም እንዳታበሪው።

ቀይ ባሕር፦ የዚያ አገር የባሕር ኢጉዋና (ትልቅ እንሽላሊት ነው) ጨውን በአፍንጫው እያስነጠሰ ያስወጣል። ካሜራሽ እንዲህ ቢያውቅበት ኖሮ!

የሐዋሳ ልጅ፦ ሩዝ ብያለሁ። የእኔ ስልክ የዳነው በሩዝ ነው።

ፎቶ ቤት፦ ወንድሜ፣ የሩዝ ብናኝ ካሜራ ውስጥ ይገባል። ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ጋር የሚመጡት እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች ካሉ፣ ከካሜራው ጋር ዕቃ ውስጥ ከድነሽ አሳድሪው።

ወፍ ወዳድ፦ ለምን ካሜራ ብቻ? እዚያ እንስሳው ሰው አይሸሽም። እግረ ሰማያዊዋ ወፍ መንገዱ ዳር ነው የምትፈለፍለው፤ ስልክ ይበቃል። አልባትሮሱ ክንፉን ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ያልፋል። ጥንዶቹ ምንቃር ለምንቃር እያንቋቁ ሲጨፍሩ ድምፁ ነው ልብ የሚነካው፣ ቪዲዮ ቅረጪ። ስልክሽን ሞልተሽ እደሪ።

ተጓዧ፦ ነቅያለሁ፣ ባትሪውም ወጥቷል። ቦርሳዬ ውስጥ 3 ከረጢት አገኘሁ! መምህር፣ ፍላሹን የስልኬንም አጥፍቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኔቱ ሊሄድ

ፎቶ ቤት፦ ጠዋት ሌንሱን በባትሪ መብራት እዪው። ውስጡ ጭጋግ ካለ አትክፈቺው፤ በስልክሽ አንሺ።

ወፍ ወዳድ፦ እህቴ፣ አራት ቀን ሆነ። ሲጨፍሩ አየሽ?